የብርዱን ወራት ሜክሲኮ ለመክረም፦ ዋሃካ፣ ሜሪዳ፣ ሜክሲኮ ሲቲ ወይስ ሳን ክሪስቶባል?

ከሚኒያፖሊስ ወይም ከቶሮንቶ በረዶ ሸሽቶ ሦስት አራት ወር ሜክሲኮ መቀመጥ ያሰበ ሰው ብዙውን ጊዜ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በባሕር ዳርቻ ፎቶ ላይ ነው። ካንኩንና ፑዌርቶ ቫያርታ ለአንድ ሳምንት ዕረፍት ይሆናሉ። ለኑሮ ግን በቱሪስት ሆቴል የተከበቡ ናቸው፤ ኪራያቸውም የሚሰቀለው ልክ በእነዚሁ ወራት ነው። የአገሩን ባህል ከሰዉ ጋር መኖር ለሚፈልግ የሚነጻጸሩት አራት ከተሞች ናቸው፦ ዋሃካ፣ ሜሪዳ፣ ሜክሲኮ ሲቲና በቺያፓስ ያለችው ሳን ክሪስቶባል ደ ላስ ካሳስ። ሳን ሚጌል ደ አዬንዴ ውብ ከተማ ናት፤ ነገር ግን የአሜሪካና የካናዳ ጡረተኛ ስለሞላባት እንግሊዝኛ ብቻ እያወራ መክረም የሚችል ሰው ስፓኒሽም ሳይለምድ፣ ገንዘቡም ሳይተርፈው ይመለሳል።

ምርጫውን የሚወስኑት የከተማው ከፍታ፣ በዓላቱ፣ የሚበላው ነገርና የቤቱ ውሃ ናቸው። ውሃው ቀልድ ሊመስል ይችላል፤ አይደለም። ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች፣ የኢትዮጵያ ወር ካልተጠራ በስተቀር፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ከፍታውና ብርዱ

ሜክሲኮ ሲቲ በ2,240 ሜትር ላይ ናት፤ ከአዲስ አበባ ብዙም አታንስም። ጃንዋሪ ላይ ቀኑ 21 እና 22 ዲግሪ ደርሶ ፀሐይዋ ታቃጥላለች፤ ሌሊቱ 6 እና 7 ይወርዳል። የኅዳርና የታኅሣሥ አዲስ አበባን ለሚያውቅ ማስረዳት አያስፈልግም፦ ጠዋት ጋቢ፣ ቀትር ላይ በሸሚዝ። ሳን ክሪስቶባልም 2,200 ሜትር ላይ ብትሆንም እርጥበት አለባት። ጭጋግና ካፊያ ቀኑን ሙሉ ሊቆይ፣ ሌሊቱም ወደ 4 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ዋሃካ በ1,550 ሜትር መሃል ላይ ናት፤ ቀኑ 26 ገደማ፣ ሌሊቱ 9 ወይም 10፣ ሰማዩም ከኖቬምበር እስከ ማርች ደረቅ ነው። ሜሪዳ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ አትልም፤ ቀን እስከ 30፣ ሌሊት 17 ወይም 18።

ሰው የሚሳሳተው ዲግሪውን አይቶ ቤቱን ሲረሳ ነው። በደጋዎቹ ከተሞች ቤት ማሞቂያ የለውም። ግድግዳው ወፍራም፣ ወለሉ ሸክላ ስለሆነ ፀሐይ የማይገባበት ክፍል ከውጭ ይልቅ ውስጡ ይቀዘቅዛል። ቤት ሲታይ የመኝታው መስኮት ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ማግኘቱን ማረጋገጥ ትንሽ ማሞቂያ ከመግዛት ይሻላል። 1,500 ዋት ማሞቂያ ከማይክሮዌቭ ጋር አብሮ ሲሠራ የአሮጌ ቤት ቆጣሪ ይቆርጣል። ከገበያ አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ መግዛት ነገሩን ይጨርሰዋል።

በሜሪዳ በኩል «ኖርቴ» የሚሉት የሰሜን ነፋስ አለ። ሁለት ሦስት ቀን ይነፍሳል፣ ሙቀቱን ያወርዳል፣ 35 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለውን የፕሮግሬሶን ባሕር ያናውጣል። ለመዋኘት የሄደ ይናደዳል፣ ለመራመድ የሄደ ግን ይወደዋል።

አስም ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ሜክሲኮ ሲቲን ለእነዚህ ወራት አይምረጥ። ከተማዋ በተራራ የተከበበች ስለሆነች በዲሴምበርና በጃንዋሪ ጠዋት ቀዝቃዛው አየር ከሞቃታማው በታች ታስሮ ጭሱን ይዞ ይቀመጣል።

በዓላቱ

ኖቬምበር 1 እና 2 የሙታን ቀን ነው፤ ለዚህ ዋሃካን የሚወዳደራት የለም። ሴምፓሱቺል የተባለው ብርቱካናማ አበባ መንገዱን ይሸፍናል፣ እንቁላል የበዛበት ዳቦ አናቱ ላይ ትንሽ የሰው ፊት ተተክሎበት ይሸጣል፣ ኦክቶበር 31 ሌሊት በከተማዋ አጠገብ ባለችው በሾሾኮትላን መካነ መቃብር ቤተሰቡ ሻማ አብርቶ ከሙታኑ ጋር ያድራል። ችግሩ ማደሪያው ነው፤ ከወራት በፊት ያልያዘ ሰው እጥፍ ይከፍላል ወይም ጨርሶ አያገኝም። ቀድሞ ያልያዘ ኖቬምበር 5 ገደማ ቢገባ ይሻለዋል። ሜሪዳም የራሷ የማያ በዓል አላት። በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ የሚበስለው ትልቅ ታማል፣ የበቆሎ ሊጥ ምግብ፣ ያኔ ይበላል፤ ሆኖም በዓሉ በአብዛኛው በየቤቱ ስለሆነ የሚጠራው ሰው የሌለው እንግዳ ብዙ አያይም።

ዲሴምበር 12 የጓዳሉፔ እመቤት ቀን ነው። በሜክሲኮ ሲቲ ባዚሊካ ሚሊዮኖች ይሰበሰባሉ፤ ሥዕሏን በጀርባ አዝለው ከሩቅ በእግር የሚመጡም ብዙ ናቸው። ይህን ማየት የፈለገ 11ኛው ቀን ላይ በሜትሮ ይሂድ፤ ወደ ሰሜን የሚወስደው መንገድ በመኪና አይሞከርም።

ከ16 እስከ 24 በየሰፈሩ «ፖሳዳ» አለ፤ ማርያምና ዮሴፍ ማደሪያ ፍለጋ የዞሩበትን ለማስታወስ ሕዝቡ እየዘመረ ቤት ለቤት ይዞራል። ዋሃካ በዚህ ላይ ዲሴምበር 18 የሶሌዳድ እመቤትን፣ 23 ደግሞ የፍጅል ሌሊትን ታክላለች። ከ1897 ጀምሮ ገበሬዎች ከትልልቅ ፍጅል ምስል ቀርጸው በአደባባዩ ይወዳደራሉ። ማታ ሰልፉ ረጅም ነው፤ ፍጅሉም በየሰዓቱ ይጠወልጋል። ከቀትር በኋላ ገና ሲቀርጹና ውሃ ሲረጩበት መድረስ ይሻላል።

ጃንዋሪ 6 የሰብአ ሰገል ቀን ነው፤ ክብ ጣፋጭ ዳቦ ይቆረሳል። ውስጡ የተደበቀች ትንሽ የሕፃን ምስል የደረሰችው ሰው ፌብሯሪ 2 ለሁሉም ታማል ማብላት አለበት፤ ለቀልድ ተብሎ አይታለፍም። በማግስቱ ደግሞ የእኛ ገና ነው።

ጃንዋሪ ሲጀምር ሚዛኑ ይዞራል። ሜሪዳ በ1542 የተመሠረተችው በዚያው በጃንዋሪ 6 ስለሆነ ወሩ የከተማዋ የጥበብ ፌስቲቫል ነው። ከዚያ ውጭም ሳምንቱ በነፃ ዝግጅት የተሞላ ነው፦ ሰኞ ማታ በዋናው አደባባይ የሃራና ጭፈራ፣ ሐሙስ ማታ በሳንታ ሉሲያ መናፈሻ ከ1965 ጀምሮ የሚካሄደው የሙዚቃ ምሽት፣ እሑድ ጠዋት ለመኪና ተዘግቶ ለብስክሌት የሚከፈተው የሞንቴሆ ጎዳና። ለሽማግሌዎችና ልጅ ላላቸው ይህን የሚያህል የለም። ከሳን ክሪስቶባል ቁልቁል አንድ ሰዓት ገደማ የምትርቀው ቺያፓ ደ ኮርሶ ደግሞ በጃንዋሪ እስከ 23 ድረስ በዓሏን ታከብራለች። ከእንጨት የተቀረጸ ጭምብልና ሸካራ የቃጫ ፀጉር ያጠለቁት «ፓራቺኮስ» የዩኔስኮ መዝገብ ላይ የሰፈሩት በ2010 ነው።

ጾመኛና ሙስሊም ከመብላቱ በፊት

የሜክሲኮን ምግብ የሚያወድስ ጽሑፍ ሁሉ ይህን ያልፈዋል። ከኅዳር 15 እስከ ገና የነቢያት ጾም ነው፤ ሜክሲኮ ደግሞ በቆሎ፣ ባቄላ፣ አቮካዶና ቁልቋል የሚበላበት አገር ስለሆነ ለጾመኛ የተሠራ ይመስላል። መሰናክሉ «ማንቴካ» ነው፦ የአሳማ ስብ። የተፈጨው ባቄላ በአብዛኛው በእሱ ይቁላላል፣ የታማል ሊጥ በእሱ ይመታል፣ የስንዴ ቶርቲያም (ቂጣ) አለበት። ሩዙ በዶሮ መረቅ ሊበስል ይችላል። ንጹሑ የበቆሎ ቶርቲያ ነው፤ በቆሎ፣ ውሃና ኖራ ብቻ።

ስለዚህ ስጋ አለው ወይ ብሎ መጠየቅ አይበቃም። ሻጯ «የለውም» ብትል አልዋሸችም፤ ለእሷ ስብ ስጋ አይደለም። ጥያቄው «ዬባ ማንቴካ?» ነው። «ቬሄታል» ካለች የአትክልት ነው። ለሩዝና ለሾርባ «ዬባ ካልዶ ደ ፖዮ?» ይባላል፤ የዶሮ መረቅ አለው ወይ ማለት ነው።

በዚህ ሚዛን ዋሃካ ትቀድማለች። ትላዩዳ የተባለውን ትልቅ ደረቅ ቶርቲያ «ሲን አሲየንቶ፣ ሲን ኬሶ» ብሎ ያለ ስቡና ያለ አይቡ ማዘዝ ይቻላል፤ ባቄላው ግን እንደገና ይጠየቅበታል። ከሁሉ የሚሻለው ቴሃቴ ነው። በቆሎ፣ ካካዎ፣ የማሜ ፍሬ አስኳልና «ሮሲታ» የምትባል አበባ ተፈጭተው በቀዝቃዛ ውሃ በእጅ ይበጠበጣሉ። ሴቲቱ ክንዷን ትልቁ የሸክላ ገበቴ ውስጥ እስከ ክርን ነክራ ስታማታው ነጭ አረፋ ከላይ ይሰፍራል፤ በቅል ይቀርባል፣ እንደ በሶ ሆድ ይይዛል። ወተት የለውም። የተጠበሰው ፌንጣስ ጾም ይገድፋል ወይ የሚለውን ለአባቶች እንተወው።

ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ጾመኛውን የሚያድነው ትላኮዮ ነው፤ ከሰማያዊ በቆሎ ተሠርቶ ባቄላ ወይም አደንጓሬ የሚሞላ፣ በምጣድ የሚጋገር። «ያለ አይብና ያለ ክሬም» ማለትና ስለ ባቄላው ማንቴካ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ከየሰፈሩ ገበያ ደጅ ይገኛል። ሜሪዳ ለጾመኛ በጣም ከባዷ ናት፤ ዩካታን ኮቺኒታን ማለትም አሳማን፣ ቱርክንና እንቁላልን ይወዳል። «ሲኪል ፓክ» የሚሉት የዱባ ፍሬና የቲማቲም ማጥቀሻ አለ፤ ከእሱ ውጭ ገበያ ገዝቶ ቤት ማብሰል ነው።

ቤት ለማብሰልም ሁለት ነገር ይታወቅ። በ2,240 ሜትር ባቄላ በተራ ድስት ግማሽ ቀን ስለሚፈጅ «ኦያ ኤክስፕሬስ»፣ የግፊት ድስት፣ ያለበት ቤት ይመረጥ። በርበሬ ያለቀበት ደግሞ አራት እጅ ጓሂዮ ለቀለሙ፣ አንድ እጅ ቺሌ ደ አርቦል ለማቃጠሉ አድርጎ ቢያስፈጭ ወጡ አያፍርም፤ ኮረሪማው ግን ከቤት ይምጣ።

ቡና ለሚያፈላ ዋሃካና ሳን ክሪስቶባል ከሌሎቹ ይበልጣሉ፤ ሁለቱም አብቃይ ክልል ውስጥ ናቸው። ጥሬውን «ካፌ ቬርዴ» ወይም «ኦሮ» ብሎ መጠየቅ ነው። «ፔርጋሚኖ» ካሉ ገለፈቱ ያልተነሳለት ስለሆነ ለብረት ምጣድ አይሆንም።

ቤቱ፦ ውሃ፣ መብራት፣ ውል

የቧንቧ ውሃ በአራቱም ከተሞች አይጠጣም። 20 ሊትር የሚይዘው «ጋራፎን» በር ድረስ ይመጣል፤ መጀመሪያ ለባዶው ጄሪካን መያዣ ይከፈላል፣ ከዚያ ባዶውን ሰጥቶ ሙሉውን መቀበል ነው። ሰላጣ በገበያ በሚሸጠው የማጽጃ ጠብታ ውስጥ ካልቆየ አይበላ።

የመታጠቢያው ውሃ ግን በዋሃካ ትልቅ ነገር ነው። አንዳንድ ሰፈር ቧንቧው የሚመጣው በሳምንታት ልዩነት ነው፤ ዝናብ ስለማይጥልም ከጃንዋሪ በኋላ ይብሳል። ያኔ «ፒፓ»፣ 10,000 ሊትር የሚጭን ቦቴ፣ ይጠራል። ቀብድ ከመክፈል በፊት አከራዩን ሁለት ነገር መጠየቅ ይገባል፦ ከመሬት በታች «ሲስቴርና» አለ ወይ፣ ስንት ሺህ ሊትር ይይዛል? ፒፓ ሲመጣ ማን ይከፍላል? ጣሪያው ላይ ያለው 1,100 ሊትር ጥቁር በርሜል ብቻ ከሆነ አራት ሰው በጥቂት ቀን ይጨርሰዋል። መልሱን በዋትስአፕ ጽሑፍ መያዝ ጥሩ ነው።

በሜሪዳ ጭቅጭቁ መብራት ላይ ነው። ሒሳቡ የሚመጣው በየሁለት ወሩ ሲሆን ፍጆታው ከወሰን ካለፈ የመንግሥት ድጎማው ይነሳና ዋጋው ይዘላል። በጃንዋሪ የጣሪያ ማራገቢያ ስለሚበቃ ኤሲ ሌሊቱን ሙሉ ማሠራት አያስፈልግም። በገቡበት ቀን የቆጣሪውን ቁጥር ፎቶ ማንሳት ከብዙ ክርክር ያድናል። የቆዩት ቤቶች ግድግዳ ላይ የብረት ቀለበት ይታያል፤ ሐማክ የሚሰቀልበት ነው፣ ብዙ ዩካታናዊም የሚተኛው በእሱ ነው። አልጋ ለጠበበው ቤተሰብ ልጆቹን እዚያ ማስተኛት ይቻላል።

የአገሩ መብራት 127 ቮልት ነው። የአሜሪካ ዕቃ እንዳለ ይሠራል፣ ሶኬቱም ያው ነው። ከአውሮፓ፣ ከእስራኤል፣ ከዱባይ ወይም ከአዲስ አበባ የመጣ ምጣድና የቡና ምድጃ ግን ለብ ከማለት አያልፍም።

ለዓመት ውል አከራዮች «ፊያዶር» ይጠይቃሉ፤ ማለትም እዚያው ከተማ ቤት ያለው ዋስ። እንግዳ ይህን አያገኝም። ለሦስትና ለአራት ወር «አሙዌብላዶ» የሚባለውን ዕቃ የተሟላለት ቤት መፈለግ ነው። አዋጪው መንገድ ለሰባት ወይም ለአሥር ቀን ጊዜያዊ ማረፊያ ይዞ «ሴ ሬንታ» የሚል ወረቀት የተለጠፈበትን በር በእግር መፈለግ ነው። ቤቱን ሳያዩ «መያዣ ላኩ» ለሚል ሰው በፌስቡክ ገንዘብ አይላክም። በኪራይ ሳን ክሪስቶባል ርካሽ፣ ዋሃካና ሜሪዳ መካከለኛ፣ የሜክሲኮ ሲቲዎቹ ሮማና ኮንዴሳ ሰፈሮች ደግሞ ውድ ናቸው።

ሜክሲኮ ሲቲን ለመረጠ ከእነዚያ ሁለቱ ጎን ያለችው ናርቫርቴ ትሻላለች፤ ኪራዩ ይቀንሳል፣ ታኮው ይጣፍጣል። ጠርዟ ላይ በሜትሮ 3ኛ መስመር «ኤቲዮፒያ» የሚባል ጣቢያ አለ፤ ምልክቱ የአንበሳ ራስ ነው። ሜክሲኮ ጣሊያን ኢትዮጵያን መያዟን አልቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች፤ የአዲስ አበባው ሜክሲኮ አደባባይና ይህ ስም የዚያ ወዳጅነት ውጤት ናቸው። ጣቢያው ለኑሮም ይጠቅማል። በ5 ፔሶ ቲኬት ወደ ደቡብ ኮዮአካን በኩል፣ ወደ ሰሜን በኢዳልጎ መሃል ከተማ ይደርሳል፤ ለባዚሊካውም በዚሁ መስመር ሄዶ በዴፖርቲቮ 18 ደ ማርሶ ወደ 6ኛው መቀየር ነው። ሆኖም ሮማም ናርቫርቴም የቆሙት በደረቀ ሐይቅ ለስላሳ አፈር ላይ ስለሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ይጎላባቸዋል። ከ2017ቱ መንቀጥቀጥ በኋላ ሕንፃው መመርመሩን መጠየቅ ነውር አይደለም። የማስጠንቀቂያው ድምፅ ከመንገድ ሲሰማ ሊፍት አይነካም።

ከሰዉ ጋር

ሱቅ ሲገቡ መጀመሪያ «ቡዌኖስ ዲያስ»፣ ከዚያ ጥያቄው። የሚበሉ ሰዎችን ሲያልፉ «ፕሮቬቾ» ይባላል። ለትልቅ ሰው «ኡስቴድ»፣ እንደ እኛው አንቱታ። እነዚህን የያዘ ሐበሻ እዚያ አይቸገርም። በዋሃካ አጠገብ ባለችው በቴኦቲትላን ደል ባዬ ሸማኔዎች ዘንድ ግን ክርክሩ ይቅር፤ ከቀይ ነፍሳትና ከኢንዲጎ በተነከረ ክር ለሳምንታት የተሠራን ምንጣፍ በግማሽ ዋጋ መጠየቅ ስድብ ነው። ሻጩ ሳይቆጣ ርካሽ የፋብሪካ ክር ያለውን ያወጣል፣ ገዢውም ያተረፈ ይመስለዋል።

በሳን ክሪስቶባል አጠገብ ያለችው ሳን ሁዋን ቻሙላ ቤተ ክርስቲያን ወለሉ ላይ ወንበር የለም፤ የጥድ ቅጠል ተጎዝጉዞ ሰዉ መሬት ተቀምጦ ሻማ ያበራል። ውስጡ ፎቶ ማንሳት ፍጹም ክልክል ነው፤ ስልክ ኪስ ውስጥ ይቆይ። ቺያፓስ ውስጥ መንገድ በተቃውሞ ይዘጋል፣ ወደ ጓቲማላ ድንበር ያለውም አካባቢ በታጣቂዎች ምክንያት አስጊ ሆኗል። ስለዚህ ሳን ክሪስቶባል ለሁለት ሳምንት የምትመከር እንጂ ለብርዱ ወራት ሙሉ የምትመረጥ አይደለችም።

የእኛ ምርጫ፣ አራት ወር ላለው ሰው፣ ሁለት ከተማ ነው፦ ዋሃካ ከኖቬምበር 5 እስከ ጃንዋሪ 6፣ ከዚያ ሜሪዳ እስከ ፌብሯሪ መጨረሻ። ዋሃካ ውሃዋ ሳይመናመን፣ ሜሪዳም የማርቹ ሙቀት ሳይጀምር ይወጣል፤ ጾሙም ከሞላ ጎደል ዋሃካ ላይ ያልቃል። በመካከላቸው አውቶቡስ ሌሊቱን ሙሉና ከዚያ በላይ ስለሚፈጅ አውሮፕላን ይሻላል። ሁለት ወር ብቻ ያለው ዋሃካን ይያዝ፤ ልጅና አያት ይዞ የሚሄድ ሜሪዳን።

ወረቀቱ

በኢትዮጵያ ፓስፖርት ሜክሲኮ ለመግባት ቪዛ ያስፈልጋል። የአሜሪካ ግሪን ካርድ ወይም ጊዜው ያላለፈ የአሜሪካ ቪዛ ያለው ግን ያለ ሜክሲኮ ቪዛ ለጉብኝት ይገባል፤ የካናዳ፣ የእንግሊዝና የሼንገን ቋሚ ነዋሪነትም እንዲሁ ያገለግላል። የጥገኝነት ጉዳዩ ያላለቀለት ሰው ጠበቃውን ሳያማክር አሜሪካን ለቆ አይውጣ።

180 ቀን የሚባለው ጣሪያው ነው እንጂ መብት አይደለም። መኮንኑ 30 ቀንም ሊጽፍ ይችላል። የመመለሻ ቲኬትና የኪራይ ማስረጃ በእጅ ይዞ «አራት ወር» ብሎ በግልጽ መጠየቅ፣ ከመስኮቱ ሳይርቁም ማኅተሙ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ማንበብ ያስፈልጋል፤ በኋላ ማስተካከል አድካሚ ነው። ግሪን ካርድ ይዞ ዜግነት የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ከአሜሪካ ውጭ ቆይታው ከስድስት ወር እንዳያልፍ ይቁጠር፤ ካለፈ ነዋሪነቱ እንደተቋረጠ ሊታሰብበት ይችላል። ከሩቅ ለሚሠራም፦ ሜክሲኮ በ2022 አብዛኛው አገሯ ላይ የሰዓት መቀያየሩን አስቀርታለች። ስለዚህ ከዋሽንግተን ጋር ያለው የአንድ ሰዓት ልዩነት በማርች ሁለት ይሆናል፤ በፈረንጆቹ ሰዓት የጠዋቱ 9 ሰዓት ስብሰባ ያኔ በሜሪዳ ከጠዋቱ 7 ሰዓት ላይ ነው።